ያላዩትን ቀላድ መጥላት፦ ትዝታና ግብር በቢቸናና በሞጣ

በምሥራቅ ጎጃም፣ በቢቸናና በሞጣ አውራጃዎች፣ ገበሬው የሚወደውንና የሚጠላውን ሲለይ የራሱን ገጠመኝ ብቻ አይመዝንም ነበር፤ አባቱና አያቱ የደረሰባቸውንም አብሮ ይመዝን ነበር። የዚህ መነሻው ርስት ነው። ከጮቄ ተራራ ግርጌ እስከ ዓባይ በረሃ አፋፍ ባለው አገር መሬት የሚገኘው በዘር ቆጠራ ነበር። መሬቱን መጀመሪያ ያቀናው ሰው ዋና አባት ይባላል። ልጆቹ፣ ወንዱም ሴቷም፣ ድርሻ ድርሻቸውን ያዙ፤ ከእነርሱ የወረደ ሁሉ በእናቱም ሆነ በአባቱ በኩል ወደ ላይ ቆጥሮ ከዋናው አባት መድረሱን ካስረዳ ድርሻ ሊጠይቅ ይችላል። ማስረጃው የሽማግሌ ቃልና ፈጅ የሚባለው የዘሩ ተጠሪ የሚያውቀው ቆጠራ ነው።

አሜሪካዊው አጥኚ አለን ሆበን በ1950ዎቹ በደጋ ዳሞት ተቀምጦ ይህን ሥርዓት መርምሯል። አንድ ገበሬ በብዙ የዘር ሐረግ በኩል ርስተኛ ነኝ ማለት ይችላል፤ በእጁ የሚገባው ግን ከሚጠይቀው ጥቂቱ ብቻ ነው። የቀረው እንደ ተስፋ ይቆያል፤ ዛሬ ባይሆን ዘመድ ሲበረታ፣ ዳኛ ሲቀና፣ ወይም ልጅ አድጎ ሲጠይቅ ይገኛል ተብሎ ይጠበቃል። ስለዚህ ማስታወስ ሀብት ነበር፤ የቅድመ አያቱን ስም የረሳ ሰው መሬቱን ረሳ። ለመንግሥት የሚገባው ግብርም የሚከፈለው በዋናው አባት ስም ነው፤ ዘሩ እርስ በርሱ ተከፋፍሎ ያዋጣል፤ ማን የትኛውን ማሳ እንደሚያርስ ለመንግሥት ማስታወቅ አያስፈልግም። በእንዲህ ያለ አገር ገመድ ይዞ መጥቶ ድንበሩን ለክቶ፣ የያዡን ስም ጽፎ የሚሄድ ሹም ያልተያዘውን ተስፋ ሁሉ በአንድ ቀን ይዘጋዋል። ድሃውም ሀብታሙም በዚህ ላይ አንድ ልብ የነበረው ለዚህ ነው። ሀብታሙ ከድርሻው በላይ ይዞ ሊሆን ይችላል፤ ድሃውም ከዘመዱ ሊነጥቅ የሚያስበው መሬት አለው።

ይህን የመለኪያ ገመድ፣ ቀላድን፣ ግን ጎጃም አላየውም። የዳግማዊ ምኒልክ ሠራዊት ወደ ደቡብ ከዘመተ በኋላ መሬቱ በቀላድ እየተለካ ሲሶው ለባላባቱ ሲቀር የቀረው በመንግሥት እጅ ገባ፤ ለወታደር፣ ለሹምና ለቤተ ክርስቲያን ተደለደለ፤ ባለአገሩ በገዛ ቀየው ገባር ሆነ። ይህ ወሬ ወደ ጎጃም የመጣው በነጋዴ፣ በወታደርና በተሰዳጅ አፍ ነው። የሚሰማው ሰውም ባዶ ልብ ይዞ አልጠበቀውም። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ዘውድ በጫኑ በሁለተኛው ዓመት፣ በ1874 ዓ.ም.፣ እምባቦ ላይ በምኒልክ ድል ሆነው ተማርከዋል። ከጥቂት ዓመታት በኋላም፣ በ1881 ዓ.ም.፣ አፄ ዮሐንስ ጎጃምን ዘምተውበት አገሩን ሠራዊት ዘርፎታል፤ ክፉ ቀን የተባለው ረኃብም የወረደው በእነዚሁ ዓመታት ነው። ከማዕከል የሚመጣ ሠራዊትና ከማዕከል የሚመጣ ሥርዓት ሁለቱም የጥፋት ሽታ እንዳላቸው የተማረ አገር፣ ቀላድ የሚለውን ቃል ሲሰማ ሌላ ማብራሪያ አልፈለገም።

ከተክለ ሃይማኖት በኋላ ጎጃምን ከገዙት መካከል ልጃቸው ራስ ኃይሉ ይገኛሉ። በእርሳቸው ዘመን ጎጃም የተማረረው በሸዋ ሳይሆን በገዛ ባላባቱ ነው። ራስ ኃይሉ ገንዘብ ወዳድ ነበሩ፤ ግብሩና መዋጮው በዛ፣ ሹመት ይሸጥ ነበር፤ እርሳቸው በደብረ ማርቆስ የዘመኑን ቅንጦት ሲያሳዩ ገበሬው ለአቤቱታ አዲስ አበባ ይመላለስ ነበር። በ1924 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱን በማስመለጥ ተከሰው ሲታሰሩ በምትካቸው ራስ እምሩ ተሾሙ። ራስ እምሩ ሸዋዊና የንጉሠ ነገሥቱ ዘመድ ቢሆኑም በፍትሕ አያያዛቸው መልካም ስም አተረፉ።

እዚህ ላይ ትዝታ አንድ እንግዳ ሥራ ሠርቷል። በሕዝብ ዘንድ መወደድ የነበረበት እምሩ፣ መጠላት የነበረበት ኃይሉ ነበር። ሆኖም ራስ እምሩ በ1928 ዓ.ም. በሽሬ ግንባር ሲዋጉ በስተኋላቸው የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የልጅ ልጅ የሆኑት ደጃዝማች ገሠሠ በለው ጎጃም ውስጥ አመጹ፤ ተከታይም አላጡም። የኃይሉ ብዝበዛ አልተረሳም፤ ከእርሳቸው በኋላ በመጣው ነገር ሁሉ ጎን ሲቆም ግን እያነሰ ሄደ። የራስን ሰው በደል ከባዕድ ሰው ፍትሕ አስበልጦ ማስታወስ በጎጃም ብቻ የታየ አይደለም። ፈረንሳዊው ሞሪስ ሃልብዋክስ በ1925 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ ሰው ያለፈውን የሚያስታውሰው ዛሬ በሚኖርበት ማኅበር መነጽር ነው ብሎ ተከራክሯል። የቢቸናና የሞጣ ታሪክ ይህን ክርክር በብዙ ቦታ ይደግፈዋል።

የጣሊያን አምስት ዓመት ሌላ ጥላቻ አከለ። ጣሊያኖች ጎጃምን መጀመሪያ በእርጋታ ያዙት፤ ቆይተው ግን የሕዝቡን ጠመንጃ መግፈፍ ጀመሩ። ጠመንጃ በዚያ አገር የወንድ ልጅ ማዕረግ፣ የርስት ጠባቂና የሠርግ ጌጥ ነበር። በ1930 ዓ.ም. ጎጃም በሙሉ ሲነሣ ከምክንያቶቹ አንዱ ይኸው ትጥቅ ማስፈታት ነበር። በቢቸና በኩል በላይ ዘለቀ፣ በሞጣ በኩል ልጅ ኃይሉ በለው፣ ወደ ምዕራብም እነ ነጋሽ በዛብህና እነ መንገሻ ጀምበሬ ገነኑ። ከእነዚህ ውስጥ በሕዝብ ፍቅር በላይን የሚወዳደር አልተገኘም። የባላባት ልጅ አልነበሩም፤ አባታቸው በመንግሥት ታጣቂዎች እጅ ሞተውባቸው በሽፍትነት ያደጉ ነበሩ። አባ ኮስትር የተባሉት በላይ ማንም ሳይሾማቸው ራሳቸውን ሾመው ሹመት የሚሰጡ ሆኑ፤ ከዓባይ ማዶና ማዶ ያለውን አገር በዳኝነትም በግብርም ያስተዳድሩ ነበር።

የሕዝብ ትዝታ ግን ሁሉንም አልያዘም። በ1933 ዓ.ም. መጋቢት የጣሊያን ጦር ከደብረ ማርቆስ ለቅቆ በሳፋርታቅ ድልድይ በኩል ዓባይን ሲሻገር በላይ መንገዱን ይዘጋሉ ተብሎ ይጠበቅ ነበር፤ ጦሩ ግን አልፎ ሄደ። ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር የነበሩ የእንግሊዝ መኮንኖች ይህ የሆነው ራስ ኃይሉ በላይን በጋብቻ ተስፋ አባብለዋቸው ነው ብለው ጽፈዋል። እውነት ይሁንም አይሁን፣ በቢቸና ፉከራና ቀረርቶ ውስጥ ይህ ታሪክ ቦታ የለውም።

ከነፃነት በኋላ በላይ ደጃዝማች ተብለው በቢቸና ተሾሙ። ጓደኞቻቸው ከፍ ያለ ሥልጣን አገኙ፤ ልጅ ኃይሉ በለው ራስ ሆነው ጎጃምን ገዙ። በላይና መንግሥት ተጣሉ፤ በላይ ሶማ ተራራ ላይ መሽገው ተዋጉ፤ በኋላም እጃቸውን ሰጡ። የተፈረደባቸው ሞት ወደ እስራት ከተለወጠላቸው በኋላ ከእስር ለማምለጥ ሲሞክሩ ተይዘው ጥር 4 ቀን 1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተሰቀሉ።

ያ ዓመት ለቢቸናና ለሞጣ ትዝታ ሁለት ነገር ጥሎ አለፈ። በ1934 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ግብር አዋጅ መሬቱን ለም፣ ለም ጠፍና ጠፍ ብሎ ከፍሎ በጋሻ ያስከፍል ነበር። ይህን በሥራ ለማዋል መለካትና መመደብ ያስፈልጋል፤ ጎጃም ደግሞ ይህን በመሣሪያ ጭምር እምቢ አለ። በ1937 ዓ.ም. አዋጁ ሲሻሻል ጎጃም ከትግራይና ከበጌምድር ጋር ከልኬታው ተለይቶ ከወረራው በፊት ይከፍለው የነበረውን ቁርጥ ግብር እንዲከፍል ተወሰነ። እንግዲህ በአንድ ዓመት ውስጥ ገበሬው እምቢ ማለት እንደሚያዋጣ አየ፤ መንግሥትን አምኖ እጁን የሰጠ ጀግና ምን እንደሚጠብቀውም አየ። ከዚያ በኋላ ሃያ ዓመት ያህል የሆነውን ለመረዳት ከእነዚህ ሁለት ትምህርቶች የበለጠ ቁልፍ የለም። በ1943 ዓ.ም. አካባቢ የግብር ምደባ እንደገና ሊመጣ ነው ሲባል ጎጃም ውስጥ ሌላ አመፅ ተነሣ፤ መንግሥትም እንደገና አፈገፈገ።

በ1950ዎቹ ጎጃምን የገዙት ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ናቸው። ሸዋዊ፣ ኃይለኛና ለንጉሠ ነገሥቱ ፍጹም ታማኝ ነበሩ። ጠመንጃ ይመዝገብ፣ የምዝገባው ገንዘብ ይከፈል፣ ለዚህና ለዚያ መዋጮ ይውጣ ማለት አበዙ። ለአዲስ አበባ ሰው ጠመንጃ ማስመዝገብ ተራ የአስተዳደር ሥራ ነው። ለሞጣ ሰው ግን ምዝገባ የመግፈፍ ዋዜማ ነው፤ ከዚያ በፊት ጠመንጃውን የጠየቀው ጣሊያን ነበርና።

ኅዳር 1960 ዓ.ም. የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ ወጣ። በወረቀት ላይ ሲታይ አዋጁ ለብዙ ድሃ ገበሬ አልከፋም። አሥራት ቀርቷል፤ ግብሩ የሚጣለው ከመሬት ስፋት ሳይሆን ከምርት በሚገኝ ገቢ ላይ ነው፤ ዝቅተኛ ገቢ ያለው የሚከፍለው ጥቂት ነው። የመንግሥት ሰዎች ይህን ደጋግመው አስረዱ። ሊያስረዱት ያልቻሉት ነገር ግን ገቢውን የሚገምት ኮሚቴ ማሳ ለማሳ መዞሩንና የእያንዳንዱን አራሽ ስም መጻፉን ነው። ግብሩ በዋና አባት ስም መከፈሉ ቀርቶ በያዡ ስም ሊከፈል ነው። ገበሬው ገማቾቹን ሲያይ ያየው ቀላድ ጣዮችን ነው። በምሥራቁ ጎጃም ወሬው አንድ ሆነ፦ መሬቱ ሊለካ ነው፣ ርስቱ ሊሄድ ነው።

ይህን የተሳሳተ ወሬ ነው ብሎ ማለፍ ይቀላል፤ የዚያን ጊዜ ሹማምንትም ያሉት ይህንኑ ነው። ነገር ግን ገበሬው የሕጉን አንቀጽ ባያውቅም የሚሠራበትን ሥርዓት አደጋ በትክክል አይቷል። መዝገብ የያዘ መንግሥት ዛሬ ባይለካ ነገ ይለካል። የጄኔቫው ሐኪም ኤድዋር ክላፓሬድ በ1911 እ.ኤ.አ. እንዳሳተመው፣ የማስታወስ ችሎታዋን ያጣች ሕመምተኛ ሲጨብጥ በእጁ መርፌ ደብቆ ወጋት። ጥቂት ቆይታ መወጋቷን ረሳች፤ በሌላ ጊዜ እጁን ሲዘረጋላት ግን ምክንያቱን ሳታውቅ እጇን ሰበሰበች። ጥላቻ ከተፈጠረበት ነገር ዕድሜ በላይ ሊኖር እንደሚችል ይህ ያሳያል። በቢቸና ግን ከዚያም የከበደ ነገር ነበር፤ እጁን የሰበሰበው ሰው አንድም ቀን በቀላድ ተወግቶ አያውቅም። ጎጃም በሚያምፅበት በዚያው በ1968 እ.ኤ.አ. ሮበርት ዛየንስ የተባለው የሥነ ልቡና ሊቅ ሰው አንድን ነገር ደጋግሞ በማየቱ ብቻ እየወደደው እንደሚሄድ የሚያስረዳ ጥናት አሳተመ። ቀላድን ደጋግሞ የሰማና አንድ ጊዜም ያላየ ሕዝብ ምን እንደሚሆን ግን ጥናቱ አልጠየቀም።

ሞጣና ቢቸና፣ ከደብረ ማርቆስና ከዳሞት ጋር፣ እምቢ አሉ። መጀመሪያ የሄዱት በአቤቱታ ነው፤ መልእክተኞች ወደ አዲስ አበባ ተላኩ፤ ገዢው ይነሣልን፣ ግብሩ ይቅርልን አሉ። መልስ ሲዘገይ ገማቾች ተባረሩ፣ ሹማምንት ከየወረዳው ሸሹ። ከመሪዎቹ መካከል በጣሊያን ጊዜ የተዋጉ አርበኞች ነበሩ። አርበኝነት ለንጉሠ ነገሥቱ የተዋጉበት ማስረጃ ሳይሆን ለርስት የተዋጉበት ማስረጃ ሆኖ ነበር የሚታወሰው። ደጃዝማች ፀሐዩ ነጭ ለባሽና ፖሊስ አሰማሩ፤ ከዚያም ጦር ሠራዊት ተላከ፤ በክረምቱ የአየር ኃይል አውሮፕላኖች መንደሮችን ደበደቡ። ቦምብ ግን ገበሬውን ግብር አላስወደደውም፤ አንድ መዓት ብቻ በትዝታው ላይ ጨመረ።

በመጨረሻ ያሸነፈው ገበሬው ነው ማለት ይቻላል። ፀሐዩ ከጎጃም ተነሡ፤ በቦታቸው ደጃዝማች ደረጀ መኰንን ተተኩ፤ ንጉሠ ነገሥቱ በ1961 ዓ.ም. ራሳቸው ጎጃም ድረስ መጥተው የተጠራቀመውን የግብር ዕዳ ማሩ። አዲሱ የገቢ ግብርም በጎጃም በተግባር ተተወ። ከ1937 ወዲህ ሲነገር የኖረው ትምህርት እንደገና ተረጋገጠ፤ መንግሥት ግን ትምህርቱን ያየው በሌላ መልክ ነው፤ ጎጃሜ ጭፍን ነው፣ ልማት አይወድም የሚለው አባባል በቢሮዎች ውስጥ የበረታው ከዚያ በኋላ ነው። ይህም በራሱ የመንግሥት ትዝታ ነበር፤ እንደ ገበሬው ትዝታ ሁሉ ደግሞ መርጦ የሚይዝ ነበር።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ የገጠርን መሬት የሕዝብ ሲያደርግ በደቡብ ገባሩ ጨፈረ። በምሥራቅ ጎጃም የጨፈረ ጥቂት ነው። ጭሰኛ ጥቂት በሆነበት አገር ባለመሬት ወረደ የሚለው ዜና ደስታ አልሰጠም። አዋጁም ርስት ለነበራቸው አካባቢዎች የተለየ ምዕራፍ ነበረው፤ ገበሬው ይዞት የነበረውን ማረሱን እንዲቀጥል ፈቅዶ ከሩቅ ዘመድ ርስት የመጠየቅን መንገድ ዘጋው። የሽማግሌው የዘር ቆጠራ በአንድ ቀን ዋጋ አጣ። ቀጥሎ የመጣው የእህል ኮታ ነው። የእርሻ ሰብል ገበያ ኮርፖሬሽን የጎጃምን ጤፍ ከገበያው በታች በሆነ ዋጋ ይሰበስብ ነበር፤ ያልሞላለት ከሌላ ገበሬ በውድ ገዝቶ ኮታውን ይሞላ ነበር። ዛሬ ዕድሜው የገፋ የሞጣ ገበሬ ስለ ደርግ ሲጠየቅ ከመሬት አዋጁ በፊት ኮታውን ቢያነሣ አይደንቅም። በዓመት አንዴ የሚመጣና በየዓመቱ የሚደጋገም በደል አንድ ጊዜ ከመጣ ታላቅ ለውጥ ይልቅ ይታወሳል።

ኢሕአዴግ በ1983 ዓ.ም. ጎጃምን ከያዘ በኋላ ትዝታ ለመጀመሪያ ጊዜ የመንግሥት መመዘኛ ሆነ። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል በተካሄደው የመሬት ሽግሽግ በንጉሡ ዘመን ሹም የነበሩት የፊውዳል ቅሪት፣ በደርግ ጊዜ በገበሬ ማኅበር አመራር የሠሩት ደግሞ ቢሮክራሲ ተባሉ። እነዚህ ሊይዙ የተፈቀደላቸው አንድ ሄክታር ብቻ ሲሆን ለሌላው ገበሬ ጣሪያው ሦስት ሄክታር ነበር። ማን ምን እንደነበረ የወሰነው በስብሰባ ላይ የጎረቤት ምስክርነት ነው። ቀድሞ የጎረቤት ትዝታ ርስት ያስገኝ ነበር፤ አሁን መሬት የሚያስቆርጥ ሆነ። ጥቂት ወራት ብቻ የገበሬ ማኅበር ጸሐፊ የነበረ ሰው ቢሮክራሲ ሆኖ ተገኘ፤ ያልተመቸ ጎረቤት ያለው ሰው ከሌላው የበለጠ ቀደምት ጥፋት ተቆጠረበት። ከምሥራቅ ጎጃም ገበሬዎች በብዛት አዲስ አበባ ድረስ ሄደው አቤት አሉ፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም ደግፈዋቸው ሰልፍ ወጡ። በ1960 መልእክተኞችን የላኩ አባቶች ልጆች ያንኑ መንገድ መያዛቸው ነው፤ በዚህ ጊዜ ግን መንግሥት አላፈገፈገም።

ከዚያ በኋላ የመጣው ልኬታ ነው፤ ያውም አያቶች የፈሩት ዓይነት። በ1995 ዓ.ም. አካባቢ የአማራ ክልል የገበሬዎችን ይዞታ መመዝገብ ጀመረ፤ ቀድመው ሙከራ ከተደረገባቸው ወረዳዎች አንዱ የምሥራቅ ጎጃሙ ጎዛምን ነው። ከገበሬዎች መካከል የተመረጠ ኮሚቴ ማሳ ለማሳ እየዞረ፣ አዋሳኝ ጎረቤቶች ድንበሩን እያሳዩ፣ የባልና የሚስት ስም ተጽፎ የይዞታ ደብተር ይሰጥ ጀመር። በ1960 ደም ያፈሰሰው ነገር፣ ገመድና የስም መዝገብ፣ ይህን ጊዜ ሰላማዊ ሆኖ አለፈ። ምክንያቱ መንግሥት መወደዱ አይደለም። ከ1989 በኋላ ገበሬው ከሁሉ አብልጦ የፈራው ሌላ ሽግሽግ ስለነበር ነው፤ መዝገብ የመንጠቅ ዋዜማ መሆኑ ቀርቶ ከመንጠቅ መከላከያ መስሎ ታየ። አሮጌው ጥላቻ በአዲስ ፍርሃት ተሸነፈ።

በላይ ዘለቀ በዚህ ሁሉ መካከል ሳይደበዝዙ ቆይተዋል። የሰቀላቸው መንግሥት ወድቋል፤ ከእርሱ በኋላ የመጡትም ሊሽሯቸው አልደፈሩም። አዲስ አበባ ውስጥ መንገድ በስማቸው አለ፤ ግንቦት 20 ይባል የነበረው የባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያም ደጃዝማች በላይ ዘለቀ ተብሏል። በምሥራቅ ጎጃም ገጠር ደግሞ የመሬት ክርክር ያለበት ገበሬ ፍርድ ቤት ሲቀርብ ከደብተሩ ጋር በየዓመቱ የከፈለባቸውን የግብር ደረሰኞች በፌስታል ጠቅልሎ ያመጣል።